ሰባት ግራሙን ማን ደነገገው? ስለ ኤስፕሬሶ ልማድ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቡና ወዳጆች ዘንድ ሰሞኑን ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው በቡና ጉዳይ የመጨረሻው ዳኛ ልማድ ነው ባይ ናቸው። ክርክራቸው በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ ኤስፕሬሶ፣ ማለትም በማሽን ግፊት በትንሽ ስኒ የሚወጣው ጠንካራ ቡና፣ ጣሊያኖች ከአባቶቻቸው የተረከቡት የማይነካ ሥርዓት ነው፤ ሚዛንና ቴርሞሜትር ይዘው የመጡት የዘመኑ ባሪስታዎች (በማሽን ቡና የሚቀዱ ባለሙያዎች) ይህን ሥርዓት አፍርሰውታል፤ ቡናን ሳያጠቁሩ ቆልቶ በአንድ አካባቢ ስም መሸጥ የኤስፕሬሶን ባሕርይ መካድ ነው፤ የስኒውን ዋጋ መስቀልም የተራውን ሰው መጠጥ ከእጁ መንጠቅ ነው፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ማሽኑ ራሱ የወረራ ዘመን ትራፊ ስለሆነ ወደ ጀበናችን መመለስ ይገባናል። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ የጸሐፊውንም የቡና ፍቅር አልጠራጠርም። ሆኖም አምስቱ ነጥቦች በአንድ ስሕተት ላይ የቆሙ ይመስለኛል፤ ልማድን ከጉዞው መካከል በአንድ ዘመን ላይ ገትረው ያንን ዘመን የነገሩ ሁሉ መነሻ ያደርጉታል። ስለዚህ በየተራ ልመልስባቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ነጥብ ኤስፕሬሶ ከጥንት የተወረሰና ያልተለወጠ ነው የሚለው ነው። የማሽኑ ታሪክ ይህን አይደግፍም። አንጀሎ ሞሪዮንዶ በእንፋሎት የሚሠራ የቡና ማሽን በቱሪን ከተማ ያስመዘገበው በ1884 ሲሆን፣ ያ ማሽን በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰው የሚያፈላ እንጂ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ስኒ በስኒ የሚቀዳ አልነበረም። ቡናውን እጀታ ባለው ትንሽ ማጣሪያ ይዞ ለአንድ ሰው ለብቻው የማውጣቱ አሠራር የመጣው የሚላኑ ሉዊጂ ቤዜራ በ1901 ባስመዘገበው ፈጠራ ነው፤ መብቱን ዴሲዴሪዮ ፓቮኒ በ1903 ገዛው፣ ማሽኑም በ1906 በሚላን ዓለም አቀፍ ትርዒት ላይ ለሕዝብ ታየ። እነዚህ ማሽኖች ውሃውን የሚገፉት በእንፋሎት ስለነበር ግፊታቸው ባር በሚባለው መለኪያ ከ1.5 ብዙም አይዘልም ነበር፤ ውሃው እጅግ የጋለ ስለሆነም ቡናው የማረር ጣዕም ነበረው፣ በላዩም ክሬማ የሚባለው ቡናማ አረፋ አይታይበትም። ያ መጠጥ ዛሬ ቢቀርብልን ጠንከር ያለ ጥቁር ቡና እንለው እንደሆነ እንጂ ኤስፕሬሶ ብለን ለመጥራት እናመነታ ነበር።

ጸሐፊው የእውነተኛ ኤስፕሬሶ መታወቂያ አድርገው ያቀረቡት ክሬማ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። አኪሌ ጋጂያ የመጀመሪያውን ፈጠራውን በ1938 አስመዝግቦ ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948፣ ለገበያ ያቀረበው ማሽን እንፋሎቱን ትቶ በብረት ሞላ በሚገፋ ፒስተን የሚሠራ ነበር። ባሪስታው ዘንጉን ወደ ታች ሲስበው ሞላው ይጨመቃል፤ ሲለቀው ደግሞ ሞላው ተዘርግቶ ውሃውን በ8 ወይም በ9 ባር ግፊት በተፈጨው ቡና ውስጥ ያሳልፈዋል። በቡናው ውስጥ ታምቆ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ ሲወጣ ያ ቡናማ አረፋ ይሠራል። የዘመኑ ጠጪዎች ግን አረፋውን እልል ብለው አልተቀበሉትም፤ ምንነቱን ስላላወቁ ተጠራጠሩት፣ አምራቹም በማሽኑ ላይ «ተፈጥሯዊ የቡና ክሬማ» የሚል ጽሑፍ እስከ መለጠፍ ደረሰ። እንግዲህ ጸሐፊው ዛሬ ዘብ የቆሙለት ክሬማ በተወለደበት ቀን እርሳቸው የሚነቅፉት ዓይነት አዲስ ነገር ነበር። የመጠጡ ማነስ እንኳ ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር ከሚይዘው የውሃ ልክ ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ በየካፌው የምናየው በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚሠራ ማሽን ደግሞ የኤርኔስቶ ቫሌንቴ ኩባንያ ፋኤማ በ1961 ኢ61 በሚል ስም ያወጣው ማሽን ዝርያ ነው።

ጸሐፊው የአባቶች ሥርዓት አድርገው የሚሟገቱለት «7 ግራም ቡና፣ 25 ሰከንድ፣ 25 ሚሊ ሊትር» የሚለው ልክስ? ይህን ከ88 ዲግሪ ውሃና ከ9 ባር ግፊት ጋር አጣምሮ የምስክር ወረቀት መስፈርት ያደረገው በ1998 የተቋቋመው የጣሊያን ኤስፕሬሶ ብሔራዊ ተቋም ነው። ቁጥሮቹ ከየትም የመጡ አይደሉም፤ የፓምፕ ማሽን ዘመን ጥሩ ባለሙያዎች እጅ የለመደውን ልክ በጽሑፍ ያሰፈሩ ናቸው፣ ለዚህም አከብራቸዋለሁ። ሆኖም የአንድን ትውልድ አሠራር መዝግቦ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ መዝገቡን የአባቶች ቃል አድርጎ ማቅረብ ሌላ ነው። ጣሊያንም ብትሆን በዚህ ልክ አትስማማም። ናፖሊ ውስጥ እስከ ዛሬ ብዙዎች የሚመርጡት በዘንግ የሚሳበውን ማሽን፣ እስኪጠቁር የተቆላውን ቡናና እጅ የሚያቃጥለውን ስኒ ነው። በትሪየስቴ የቡናው መጥሪያ ስሞች እንኳ የተለዩ ስለሆኑ ማኪያቶ የፈለገ ሰው «ካፖ» ብሎ ያዝዛል። ሁለቱም ከተሞች የራሳቸው ልማድ አላቸው፤ አንዱ ሌላውን ከሃዲ ሲል አልተሰማም።

ሁለተኛው ነጥብ ሚዛንና ቴርሞሜትር ቡናን ወደ ላቦራቶሪ ወስደውታል የሚል ክስ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ራሳቸውን የሚቃረኑ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የሚሟገቱለት መስፈርት ራሱ በግራም፣ በዲግሪ፣ በባርና በሰከንድ የተጻፈ ነው። ያለ ሚዛን 7 ግራም መሆኑን በምን አወቁት? በእርግጥ የድሮው ባለሙያ አየሩ ሲረጥብ መፍጫውን ያላላል፣ ሲደርቅ ያጠብቃል፤ የሚወርደውን ቡና ቀለም አይቶ መቼ መቁረጥ እንዳለበት ያውቃል። ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው፤ ነገር ግን ከእጁ ወደ ተማሪው እጅ ሲሻገር ብዙ ይጠፋበታል፣ ሚዛኑም የሚያግዘው ይህን ማሻገር ነው። ለእኛ ደግሞ የተለየ ምክንያት አለን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በክፍት ዕቃ የተጣደ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። የማሽኑ ግፊት መለኪያ እንደ ሚላኑ 1 ባር ቢያሳይም፣ ዙሪያውን ያለው አየር ስስ ስለሆነ በቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከሚላኑ በጥቂት ዲግሪዎች የቀዘቀዘ ነው። ከፋብሪካ በመጣበት ልክ የተተወ ማሽን እዚህ ቡናውን በሚገባ ባያወጣው ጥፋቱ የባሪስታው ላይሆን ይችላል፤ ይህን የሚነግረን ቴርሞሜትር ነው።

ላቦራቶሪው ሁልጊዜ ከልማድ ጋር ይጣላል የሚለውም እውነት አይደለም። የዘመኑ ካፌዎች ለአንድ ድርብ ኤስፕሬሶ ከ18 እስከ 20 ግራም ቡና ሲጨምሩ፣ የጣሊያኑ ልማድ 14 ግራም ነው። በ2020 የኬሚስትሪና የሒሳብ ተመራማሪዎች በጋራ ያሳተሙት ጥናት ቡናው ከመጠን በላይ ሲልም የተወሰነው ክፍል እየታፈነ ውሃው እኩል እንደማያልፍበት አሳየ፤ መፍትሔ ብለው ያቀረቡትም አፈጫጩን ሻከር አድርጎ ቡናውን ከ20 ወደ 15 ግራም መቀነስ ነበር። ወደ አሮጌው የጣሊያን ልክ ተጠግተዋል ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን ቢያውቁ ለክርክራቸው ይጠቅማቸው ነበር፤ ከላቦራቶሪ የመጣ ማስረጃን ለመቀበል ግን በመጀመሪያ ላቦራቶሪውን መስማት ያስፈልጋል። በአንድ ነገር እስማማለሁ፦ ስኒ ቡና ለመጠጣት የገባን ሰው ስለ ዲግሪና ስለ ግራም ቆሞ እንዲማር የሚያስገድድ ባሪስታ አሰልቺ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ በእኔ ግምት ከሁሉም ይከብዳል፤ የገበሬውን ኪስ ይነካልና። ጸሐፊው እንደሚሉት ኤስፕሬሶ የቅይጥ መጠጥ ነው፤ ጥበቡም ያለው በቆይው እጅ እንጂ ቡናው በበቀለበት መሬት አይደለም፤ ስለዚህ የታጠበ ይርጋጨፌን ሳያጠቁሩ ቆልቶ በማሽን መጭመቅ «ሎሚ መጭመቅ» ነው። ምላሳቸው አልዋሻቸውም። በዚያ መልክ የተቆላ ቡና በ7 ግራምና በ25 ሚሊ ሊትር ልክ ሲወጣ በእርግጥ ይኮመጥጣል። ምክንያቱ ግን በቡናው ውስጥ ያለ ጉድለት አይደለም። እስኪጠቁር የተቆላ ፍሬ ተሰባሪና ባዶ ባዶ ስለሚሆን ያለውን ጣዕም ቶሎ ለውሃ ይሰጣል፤ ጥቂት ውሃና አጭር ጊዜ ይበቃዋል፣ ከዚያ ካለፈ ይመራል። ሳይጠቁር የወጣው ፍሬ ግን ጥቅጥቅ ያለና ለመሟሟት የሚዘገይ ነው፤ ላቅ ያለ ሙቀት፣ የላመ አፈጫጭና ለቡናው ክብደት በርከት ያለ ውሃ ይፈልጋል። በጥቁር ቁሌት ልክ ተሠርቶ ሲኮመጥጥ ጥፋቱን በይርጋጨፌ ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጥቁሩ ቁሌት ራሱ የመጣው ከጣዕም ምርጫ ብቻ አይደለም። ሮቡስታ የተባለው የቡና ዝርያ በ20ኛው መቶ ዓመት ወደ ዓለም ገበያ በሰፊው ከገባ በኋላ የጣሊያን ቅይጥ፣ በተለይ የደቡቡ፣ ብዙ ሮቡስታ ይይዝ ጀመር፤ ዋጋው ይረክሳል፣ ወፍራም ክሬማም ይሠራል። ቁሌቱ ሲጠቁር የቡናው እንከን ይደበቃል፤ በየጊዜው የሚለዋወጠው የቅይጡ ይዘትም አይታወቅም። በዚህ ውስጥ የሐረርና የሲዳሞ ቡና ለመዓዛው ሲባል ሲጨመር ኖሯል፤ ጠጪው ግን በስኒው ውስጥ መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ስም የሌለው ቡና በስሙ ዋጋ ሊጠይቅ አይችልም። ኢትዮጵያ የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ የተሟገተችውና በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ የደረሰችው በዚህ ምክንያት ነበር። እኛም በአገር ውስጥ ተመሳሳይ ችግር ፈጥረን እናውቃለን፤ በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናውን በአካባቢና በደረጃ ብቻ እየመደበ ሲያገበያይ የአንዱ መንደር ቡና ከሌላው ጋር ተደባልቆ ማንነቱ ይጠፋ ነበር፤ ከ2017 ወዲህ በመጣው ማሻሻያ ነው ምንጩን ይዞ የመሸጡ መንገድ እንደገና የሰፋው። የአካባቢ ስም የሀብታሞች ቅብጠት ነው ከማለት በፊት ስሙ የማን ንብረት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ስለ ዋጋ የተነሣውን አራተኛ ነጥብ በከፊል እቀበላለሁ። የጣሊያን ቡና ቤት ትልቁ ውርስ ሠራተኛውና ዳኛው በአንድ ባንኮኒ ጎን ለጎን ቆመው በሳንቲም የሚጠጡበት ቦታ መሆኑ ነው፤ በናፖሊ ለማያውቁት ችግረኛ የአንድ ስኒ ሒሳብ ከፍሎ የመሄድ ልማድም አለ፣ ከነዚህ ልማዶች ውስጥ አንዱ እንኳ ቢጠፋ አዝናለሁ። ነገር ግን ይህ ርካሽነት ያለ ሕግ እጅ አልመጣም፤ በ1911 የወጣ ሕግ የከተማ አስተዳደሮች ያለ መስተንግዶ ለሚጠጣ ቡና የዋጋ ጣሪያ እንዲያወጡ ፈቅዶ ነበር፤ ቆሞ መጠጣት የተለመደውም አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ልማዱ ሥር ከመስደዱ የተነሣ በ2022 በፍሎረንስ አንድ ደንበኛ ካፌይን ለሌለው ኤስፕሬሶ 2 ዩሮ መከፈሉ አናዶት ፖሊስ ጠራ፤ ካፌውም ዋጋውን በሚታይ ቦታ አልለጠፈም ተብሎ 1,000 ዩሮ ተቀጣ። ጸሐፊው ያላነሡት ጥያቄ የስኒው ዋጋ ለዓመታት ባለበት ሲቆም ልዩነቱን የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ነው። የቤት ኪራይ አይቀንስም፣ መብራትም አይቀንስም፤ ስለዚህ የሚቀነሰው ከቡናው ግዢ ላይ ይሆናል፤ በሰንሰለቱ ጫፍ ያለው አምራች ይከፍላል ማለት ነው።

አምስተኛው ነጥብ የእኛው ነው። ጸሐፊው ጀበናው ከጥንት ጀምሮ የሁላችንም፣ ማሽኑ ደግሞ በጠመንጃ የመጣ እንግዳ እንደሆነ አድርገው ይጽፋሉ። የመጀመሪያው አባባል መሻሻል አለበት። በሐረር፣ በከፋ፣ በጅማ፣ በሙስሊሙ ማኅበረሰብና በብዙ ኦሮሞዎች ዘንድ የቡና ልማድ ጥንታዊ ነው፤ ቡናውን ከነገለባው በቅቤ ጠብሶ የሚቀርበው ቡነ ቀላ ከዚሁ የሚመደብ ነው። በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ግን እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ድረስ ቡና የእስልምና ተከታዮች መጠጥ ተደርጎ ስለሚታይ ቤተ ክህነት አትወደውም ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት ይህ እየላላ የሄደው በ1880ዎቹ ሲሆን፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስ የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ መጣራቸው ብዙ ረድቷል። በመሆኑም ዛሬ በአዲስ አበባ ቤት ሁሉ እንደ ጥንት ሥርዓት የምናየው የአቦል፣ ቶናና በረካ ወግ በብዙ ክርስቲያን ቤተሰብ ውስጥ የገባበት ጊዜና ሞሪዮንዶ ማሽኑን ያስመዘገበበት ጊዜ አንድ አሥርት ዓመት ነው። ይህን የማነሣው ወጉን ለማሳነስ አይደለም፤ አዲስ ነገር በአንድና በሁለት ትውልድ ውስጥ የራስ እንደሚሆን ከእኛው ታሪክ የተሻለ ምስክር ስለሌለ ነው።

ማሽኑም በወረራው ዘመን ብቻ የመጣ ተደርጎ መታየት የለበትም። ጣሊያን በ1936 ገብቶ በ1941 ወጣ፤ ክሬማ ያለውን ኤስፕሬሶ የሚያወጣው የጋጂያ ማሽን ገበያ ላይ የዋለው ደግሞ ከዚያ ሰባት ዓመት በኋላ ነው። በፒያሳ የሚገኘው ቶሞካ የተከፈተው በ1953 ነው። ወራሪው የቡና ቤትን ልማድ ማምጣቱ እውነት ቢሆንም፣ ዛሬ በየመንገዱ የምንጠጣው የማሽን ቡና ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በንግድና በጠጪው ፈቃድ የተስፋፋ ነው። ጠጪውም እንዳለ አልተቀበለውም። ወተቱን ጨመረና ማኪያቶን የራሱ መጠጥ አደረገው፤ «ጠቆር ያለ» ወይም «ነጣ ያለ» ብሎ በልኩ ያዝዛል፤ ቡናን ከሻይ ቀላቅሎም ስፕሪስ አለው፤ ይህን ሚላን ላይ የሚያዝዝ ሰው ባሪስታውን ግራ ያጋባል። እንዲህ ተሠርቶ የተለወጠን መጠጥ የወረራ ትራፊ ማለት የአዲስ አበባን ጠጪ ሰባ ዓመት ያህል ሥራ መካድ ይሆናል።

ጸሐፊው ማሽኑን የሚነቅፉበት አንድ ብልህ ምክንያት ግን አላቸው። በጀበና ሥርዓት ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ጢሱ ለእንግዳው ቀርቦ፣ ተወቅጦ ወዲያው ይፈላል፤ የካፌው ቡና ግን ከተቆላ ቀናት ያለፈው ስለሆነ የሞተ ነው ይላሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ገና ከምጣድ የወረደ ቡና ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አምቆ ይይዛል። ጀበናው ክፍት አፍ ስላለውና ቡናው በዝግታ ስለሚፈላ ጋዙ ሳያስቸግር ይወጣል፤ በ9 ባር ግፊት ግን ያው ጋዝ የውሃውን መንገድ እየዘጋ አወራረዱን ያዛባል፣ ከሚገባው በላይ አረፋም ይሞላል። ቆይዎች ለማሽን የሚሆነውን ቡና ለተወሰኑ ቀናት የሚያሳርፉት ለዚህ ነው። በጀበና ዘንድ ስንፍና የሚባለው በማሽን ዘንድ ትጋት ነው፤ የአንዱን ዕቃ ልማድ በሌላው ላይ ዳኛ አድርጎ ማስቀመጥ የማያዋጣውም ስለዚህ ነው።

በመጨረሻም ጸሐፊው በየመንገዱ ዳር የተስፋፉትን የጀበና ቡና መሸጫዎች የልማድ ድል አድርገው ይጠቅሳሉ፤ ሕዝቡ ማሽኑን ሰልችቶ ወደ ቤቱ ተመልሷል ባይ ናቸው። እኔ እዚያ የማየው ሌላ ነው። ብዙው ሰው በርጩማው ላይ የሚቀመጠው የካፌው ማኪያቶ ስለተወደደበት ነው። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ተደርድሯል፣ እጣኑም ይጨሳል፤ ነገር ግን ቡናው አብዛኛውን ጊዜ ተቆልቶና ተፈጭቶ የመጣ ነው፣ ጠጪው ከማያውቀው ሰው ጎን ተቀምጦ አንድ ስኒ ይጠጣል፣ ሒሳቡን ከፍሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ጎረቤት የሚጠራበት፣ ከአቦል እስከ በረካ የሚቆይበት የቤቱ ቡና ይህ አይደለም። ዕቃው የእናቶቻችን ነው፤ አጠጣጡ ግን በሚላን ባንኮኒ ቆሞ ከሚጠጣው ሰው አጠጣጥ ብዙም አይርቅም። ጸሐፊው ልማድ የሚሉት ዕቃውን ይሁን አጠጣጡን በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ቢለዩልን፣ ክርክራችን ከዚያ ሊቀጥል ይችላል።